ትንሿ ባትሪ

ሐጃ በቱል የኤሌክትሪክ መኪና የገዙት የነዳጅ ሰልፍ አስመርሯቸው ነው። ከጦርነቱ መልስ ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር ያለውን ቤታቸውን ጣሪያ በሶላር ሸፍነውት ነበር፤ ታዲያ ፀሐይ በነፃ እያለች ቤንዚን ለምን እለምናለሁ ብለው አንዲት ነጭ የቻይና መኪና ከፖርት ሱዳን አስመጡ። መኪናዋ ቆንጆ ናት። አንድ ነገር ብቻ ይጎድላታል፣ ድምፅ የላትም። ኮሽ ሳትል መጥታ አጠገብህ ስትቆም ነው የምታያት። ክላክሷም ቢሆን ሲጫኗት ይቅርታ የምትጠይቅ ነው የምትመስለው። የሐጃ ልጅ ሙኒያ ደግሞ የምታገባው በዚያው ሳምንት ሐሙስ ነበር።

በካርቱም ሙሽራ ስትሄድ መኪኖች ተሰልፈው፣ ክላክሳቸውን በምት እየነፉ፣ መብራታቸውን እያብለጨለጩ ያጅቧታል። ሲራ ይባላል። ሲራ ፊት ዝም ብላ የምትሄድ መኪና ካለች ሰው ቀብር ነው ብሎ ከመንገድ ዳር ቆሞ ዱዓ ያደርጋል። ሐጃ በቱል ደግሞ ያቺ መኪና ካልመራች ሲራው ይቅር ብለዋል።

እኔ ሰማሕ እባላለሁ። መኪና ላይ ካሜራ፣ ስክሪን፣ ማንቂያ ደወል፣ ድምፅ ማጉያ እገጥማለሁ። አባቴ ሱዳናዊ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፣ አላህ ይርሐመው፤ ሽቦ የለመድኩት እሱ መኪና ሥር ተጋድሜ ነው። እናቴ ሐምዲያ የወሎ ሰው ናት፣ የባቲ ልጅ። ሐጃ በቱል ቤት አሥራ ስምንት ዓመት ሠርታለች። አማርኛን ከእሷ ስለተማርኩ ስናደድ በአረብኛ ጀምሬ በአማርኛ ነው የምጨርሰው። ቶሎ ቶሎም እናደዳለሁ።

የሚያናድድ ነገርም አላጣሁም። አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ዱካን፣ ሱቅ ማለቴ ነው፣ ነበረችኝ፤ ከጦርነቱ ስንመለስ ባዶዋን አገኘኋት። ዕቃው ተወሰደ፣ እሺ። በሩ ተወሰደ፣ እሺ። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን ሽቦ ሳይቀር ጎልጉለው ማውጣታቸው ግን ለእኔ ስድብ ነበር። ከዚያ ወዲህ መሣሪያዬን በቦርሳ አንጠልጥዬ ከሰው በር ሰው በር ስዞር፣ በየመንገዱ ዳር ፀሐይ ላይ ስሠራ ከረምኩ።

ሐጃ በቱል ግን ከግቢያቸው ፊት ለፊት ወደ መንገዱ የሚከፈት ዱካን አላቸው። የሞቱት ባለቤታቸው መድኃኒት ይሸጡበት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ተዘግቶ ኖረ። እናቴ ስለ እኔ ስትነግራቸው አስጠሩኝና፣ "ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ መኪናዬን ለሙኒያ ሲራ አሳምሪያት። ሥራሽን ከወደድኩት የዱካኑ ቁልፍ ያንቺ ነው" አሉኝ። የምይዘውን የምጨብጠውን አጣሁ። ያን ቀን በጂብሪል ራክሻ፣ እናንተ ባጃጅ በምትሉት፣ ወደ ሳሃፋ ስንመለስ ጂብሪልን ስለ መደርደሪያና ስለ ግድግዳ ቀለም አደከምኩት። ጂብሪል እናቴን ጠዋት ማታ የሚያመላልሳት ሰው ነው፤ በትንሽ በትልቁ ይስቃል።

አንድ ሰው ብቻ ደስ አላለውም። የሐጃ ወንድም አብደልሙንዒም መሐንዲስ ናቸው፤ ባሽሙሃንዲስ ካልተባሉ አይዞሩም። ረቡዕ ጠዋት ቦርሳዬን ስከፍት መጥተው ቆሙብኝ።

"ይህች መኪና ኮምፒውተር ናት። የቤንዚን መኪና የለመደ እጅ ከነካት ትቃጠላለች" አሉ።

"ባሽሙሃንዲስ፣ መኪናዋ እኮ ሁለት ባትሪ አላት" አልኳቸው። "ትልቁ ከወለሏ ሥር ነው፤ ጎማ የሚያዞረው እሱ ነው። ብርቱካንማ ገመዶቹ የእሱ ናቸው፣ አልነካቸውም። እኔ የምሠራው ኮፈኑ ሥር ካለችው ከትንሿ ጋር ነው። በር፣ መብራት፣ ስክሪን የእሷ ነው። ትልቁን የምትቀሰቅሰውም እሷ ናት።"

"እናያለን" አሉና እጃቸውን አጣምረው ጥላ ሥር ተቀመጡ።

እውነቱን ልናገር፤ በሕይወቴ የኤሌክትሪክ መኪና ነክቼ አላውቅም ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ሳነብና ቪዲዮ ሳይ ከርሜ ነው የመጣሁት። ይህን ለእሳቸው መንገር ግን ምን ያደርጋል?

እስከ ዙሁር ሶላት ሁለት ባለ ጡሩምባ ክላክስ ከፊት፣ ካሜራ ከኋላ፣ ቀለም የሚቀያይሩ መብራቶች ከሥር ገጠምኩ። ከዙሁር በኋላ ፍላሽ የሚቀበል አምፕሊፋየርና ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያ አስገባሁ። አምፕሊፋየሩን መኪናዋ ስትነሳ ብቻ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል። እኔ ግን በቀጥታ ከትንሿ ባትሪ ጋር አገናኘሁት፤ ሲራው መንገድ ላይ ቆሞ ሴቶቹ ወርደው ሲጨፍሩ፣ መኪናዋ ጠፍታም ቢሆን ዘፈኑ እንዳይቋረጥ። በቤንዚን መኪና ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምሠራው፤ ቅሬታ ያመጣ ሰው የለም።

ለዓስር ሶላት ጥቂት ሲቀር ክላክሱን ነፋሁት። የጎረቤት እርግቦች በሙሉ ተነሡ። ሙኒያ ሒና የተቀባ እጇን ወደ ፊት ዘርግታ እየሮጠች ወጥታ እልልታዋን ለቀቀችው። ሐጃ በቱል እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እናቴ ደግሞ መኪናዋ ውስጥ አንገቷን አስግጋ፣

"ፍላሽ የምትገባው በየት ነው?" አለችኝ።

"በዚህ። ከዚያ ይቺን ትጫኛለሽ።"

"ወላሂ ቀላል ናት" አለች። ለሠርጉ ሥራ እዚያው ስለምታድር እኔ ብቻዬን ወደ ቤት ሄድኩ።

ሐሙስ ጠዋት መስታወቱን የምወለውልበት ጨርቅ ይዤ ከጂብሪል ጋር ስደርስ ባሽሙሃንዲስ አብደልሙንዒም እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው መኪናዋ አጠገብ ቆመዋል።

"ሞታለች" አሉኝ። ያዘኑ አይመስሉም። "ትናንት ማታ ሰማንያ ፐርሰንት ነበራት። ዛሬ በሩም አይከፈት። በፊት ድምፅ ብቻ ነበር የሌላት፤ አንቺ መጣሽና መሄድም ቀረ።"

ሲራው ሊነሳ የቀረው አራት ሰዓት አይሞላም። በሪሞቱ ውስጥ በተደበቀችው የብረት ቁልፍ በሩን ከፍቼ ገባሁ፤ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ኮፈኑን ከፍቼ ትንሿን ባትሪ ስለካት ባዶ ናት። ትልቁ ጥግብ ብሎ ተኝቷል፣ የሚቀሰቅሰው ግን የለም። ማን ጨረሳት? እጄን ሰድጄ አምፕሊፋየሩን ብነካው ገና ለብ እንዳለ ነው። ፍላሽ ተሰክቶበታል። አረንጓዴ፣ ቀይ ክር የታሰረበት።

ያን ፍላሽ አውቀዋለሁ። ከቁርዓን ምዕራፎች ረጅሙን፣ ሱረቱል በቀራን፣ የጫንኩበት እኔ ነኝ። ሳሃፋ ወዳለው ቤታችን ስንመለስ እናቴ ባዶዎቹ ክፍሎች ውስጥ ሦስት ቀን ካላስቀራሁ አልገባም ብላ ነበር። አዲስ ቤት፣ አዲስ መኪና፣ አዲስ ዕቃ በቀራ ካልተቀራበት ዓይን ይገባዋል ትላለች። እሷ ብቻ አይደለችም፤ እዚህ አገር ሁሉም ነው እንዲህ የሚያደርገው።

ፍላሹን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። እናቴን አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ብርጭቆ ሰበርሽ ያላሏት ሰዎች፣ በሠርጉ ቀን መኪና ገደልሽ እንዲሏት አልፈለግኩም። ዱካኑ ይቅርብኝ አልኩ በልቤ። ይህን ስል እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረውም።

ሐጃ በቱል እንደ ነጠላ የሚያጣፉትን ቶባቸውን እያስተካከሉ ወጡ። "ምን ሆነች?"

"ጥፋቱ የእኔ ነው ሐጃ። ድምፅ ማጉያውን ያገናኘሁበት መንገድ ልክ አልነበረም። ትንሿ ባትሪ አለቀች። አሁኑኑ አስነሳታለሁ።"

"በምን?" አሉ ባሽሙሃንዲስ።

"ጂብሪል! ራክሻህን አስጠጋት!"

ጂብሪል እየሳቀ አስጠጋት። የራክሻዋን ባትሪ ከትንሿ ባትሪ ጋር በገመድ ሳገናኝ ባሽሙሃንዲስ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ሪሞቱን ተጫንኩ። ከመኪናዋ ውስጥ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ስክሪኑ በራ፣ የእንኳን ደህና መጣህ ዜማዋን አዜመች። ትልቁ ተቀስቅሶ ትንሿን መሙላት ጀመረ።

"ኸላስ፣ በቃ! ከዛሬ ጀምሮ ራክሻዬን ባሽሙሃንዲስ ብላችሁ ጥሯት" አለ ጂብሪል።

ሐጃ በቱል ግን አልሳቁም። የዱካኑን በር አየት አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄን ይዛ መንገድ መሃል ብትቆምባትስ ኖሮ፣ ሰማሕ?"

ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ።

በዚህ መሃል እናቴ የቁርስ ትሪ ይዛ ከማድ ቤት ወጣች። ሁሉን ሰምታለች። ትሪውን መሬት አስቀመጠችና የቶቧን ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ አንዲት ቁልፍ አወጣች።

"ሐጃ፣ ትናንት የሰጡኝን ይቀበሉኝ" አለች። "ባትሪዋን የጨረስኳት እኔ ነኝ። ቁልፉን እጄ ላይ ሲያደርጉልኝ ደስታዬ በዛብኝ፤ ደስታው ራሱ አስፈራኝ። ዓይን እንዳይገባብን ብዬ በቀራን ከፍቼባት ተኛሁ። ማንም እንዳይነቃ ዝቅ አድርጌ። ልጄ የለችበትም፤ ጥፋተኛ ነኝ ያለችው ለእኔ ብላ ነው።"

"የምን ቁልፍ ነው ትናንት?" አልኩ በአማርኛ።

"የዱካንሽ ነዋ!" አለች እሷም በአማርኛ። "ክላክሱን ስትነፊ ነው የሰጡኝ። ከሠርጉ በኋላ ስጫት ብለውኝ።"

ዱካኑ ከትናንት ጀምሮ የእኔ ነበር፤ እናቴ ደግሞ ለእኔ ስትል ልትመልሰው ነው። ሰው በቁርዓን እንዴት ይቆጣል? ባሽሙሃንዲስ አብደልሙንዒም ለመናገር አፋቸውን ከፈቱ፣ የወጣላቸው ግን ቁርዓን ተቀርቶ ሲያበቃ የሚባለው "ሰደቀላሁል ዓዚም" ብቻ ነበር።

ፍላሹን ከኪሴ አወጣሁት። "ሐጃ፣ የተናገርኩት ውሸት አይደለም" አልኩ። "እሷ ባታውቅ እኔ ማወቅ ነበረብኝ። በካርቱም አዲስ መኪና ገዝቶ ቁርዓን የማይከፍትባት ማን አለ? ባትሪዋ ስትደክም ማጉያውን ራሱ የሚቆርጥ ዕቃ አለ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። በግማሽ ሰዓት እገጥመዋለሁ።"

ሐጃ በቱል የእናቴን ጣቶች ቁልፉ ላይ አጠፏቸው። "እዚህ ቤት ጥፋት ሲመጣ አንዱ ወደ አንዱ ሲገፋው ነው የኖርኩት" አሉ። "ሲሻሙበት ገና ዛሬ አየሁ። ሐምዲያ፣ ቁልፉን ለልጅሽ ስጫት። ደግሞስ በጣኢፍ በቀራ ተቀርቶባት ያደረች የሙሽራ መኪና ያለው ማን አለ? ያላ፣ ቁርሱ ሳይቀዘቅዝ!"

እናቴ ቁልፉን መዳፌ ላይ አኖረችው። በእጇ ሙቀት ሞቆ ነበር።

ሲራው በሰዓቱ ተነሣ። ነጯ መኪና ጡሩምባዋን እየነፋች መራች፤ ከኋላዋ ሁለተኛ ሆና ፊኛ የታሰረባት የጂብሪል ራክሻ ተከተለች። ለማንኛውም ብለው ያዘዙት ሐጃ ናቸው። እናቴ ራክሻዋ ውስጥ ተቀምጣ እስከ ጀሪፍ ሰፈር ድረስ እልል አለች።

ዱካኑን ከከፈትኩ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። አሁን ድምፅ ማጉያ በገጠምኩ ቁጥር ያቺን ቆራጭ ዕቃ ሳልጠየቅ እጨምራለሁ፤ "ሐምዲያ" ብዬ ነው የምጠራት፣ ደንበኞቼም ለምደውታል። እናቴ ስትሰማ የምትቆጣ ትመስላለች፣ ግን ደስ ይላታል።

ትናንት ጠዋት የጂብሪል ራክሻ በሬ ላይ ቆመችና ባሽሙሃንዲስ አብደልሙንዒም ወረዱ። እሳቸውም የኤሌክትሪክ መኪና መግዛታቸውን ሰምቻለሁ።

"መኪናዎስ?" አልኳቸው።

"ቤት ናት።" ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አልነሳ አለች። ሚስቴ ማታ በቀራን ከፍታባት ነበር።"

"ማጉያውን ማን ገጠመው?"

ወደ መንገዱ አዩ፣ ወደ ጂብሪል አዩ፣ በመጨረሻ ወደ ጫማቸው። "እኔ ራሴ" አሉ። "እና... ያቺን ሐምዲያንም ይዘሽልኝ ነይ።"

አልሳቅኩም፤ ከንፈሬን ነክሼ ቻልኩት። ቦርሳዬን አነሣሁ፣ አንዲት ሐምዲያ ጨመርኩበት፣ ዱካኔን በቁልፌ ቆልፌ ራክሻዋ ላይ ወጣሁ።