ኔቪል ለማያውቃቸው ሰዎች የነገራቸው

ኔቪል ኢንተርኔት ላይ ስለ ፊልም እንደሚጽፍ የሰማሁት ከጎረቤታችን ከሄዘር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ማገዶ ስደረድር አጥሩ ላይ ተደገፈችና፣

«ክላይቭ፣ ባልህ ትናንት አስለቀሰኝ እኮ» አለችኝ።

«ምን አድርጎሽ?»

«ስለ ዳቦ ጋጋሪዎቹ ፊልም የጻፈው ነዋ! አላነበብከውም እንዴ?»

«አንብቤዋለሁ እንጂ» አልኩ። ዋሸሁ። ሃያ ስምንት ዓመት አብሮኝ የኖረውን ሰው ነገር ከጎረቤት መስማት ያሳፍራል።

«የብዕር ስሙ ደግሞ! 'ተራ ተመልካች'። አይ ኔቪል!» ብላ እየሳቀች ገባች።

ማገዶውን እንደተከመረ ትቼው ወደ ማድ ቤት ገባሁ። ኔቪል ቅዳሜ ቅዳሜ ችግኝ መሸጫው ውስጥ ነው የሚውለው፤ ከተማችን ላውንሴስተን ውስጥ ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ የሱ ደንበኛ ነው። እኔ የተማሪዎች አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ሐሙስ ማታ ማታ ምድጃው ፊት ተቀምጠን ፊልም እናያለን፤ እሱ ይመርጣል፣ እኔ ግማሹ ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል። ልማዳችን ይኸው ነው። ልማድ ደግሞ ጥሩ ነገር ይመስለኝ ነበር።

የብዕር ስሙን ስልኬ ላይ ስፈልገው ወዲያው መጣ። ከመቶ አርባ በላይ አስተያየት ጽፏል። ስለ አንድ የፍርድ ቤት ድራማ፣ «ዳኛው መልከ መልካም ነው፤ ፍርዱ ግን ገደል ይግባ። ሁለት ኮከብ፤ ሁለቱም ለዳኛው» ይላል። ስለ አንድ የፍቅር ፊልም ደግሞ፣ «ዝናቡ ከተዋናዮቹ በላይ ሠርቷል። ልጅቷ ጃንጥላ ብትይዝ ኖሮ በሃያ ደቂቃ ያልቅልን ነበር» ብሏል። ብቻዬን በሳቅ ፈረስኩ። ሳቄ ሲያልቅ ግን ከፋኝ። ይህን ሁሉ ቀልድ ለኔ ያልነገረኝ ለምንድነው?

ሁለት ወንዶች ስለሚዋደዱባቸው ፊልሞች ሲጽፍ ቀልዱ ይቀንስና ጽሑፉ ይረዝማል። ሄዘርን ያስለቀሳትን አገኘሁት።

«አንደኛው ጋጋሪ መሞቱ አይቀርም ብዬ ነበር፤ ሞተ። እነዚህ ፊልም ሠሪዎች ሁለታችንንም በሕይወት ማቆየት ለምን እንደሚያቅታቸው እንጃ። እኛ ይኸው አለን፤ ጎመን ተክለን እንበላለን። ወጣት ሳለን ሲኒማ ስንገባ መሃላችን አንዲት ባዶ ወንበር እንተው ነበር። ያኔ የደሴታችን ሕግ ወንጀለኞች ይለን ነበርና። መብራቱ ሲጠፋ ኮታችንን በዚያች ወንበር ላይ እንጥልና ከሥሩ እጅ ለእጅ እንያያዛለን። ከዚያ ዘመን ፊልሞች አንዱንም አላስታውስም። የማስታውሰው የኮቱን ሱፍ ነው።»

ያቺን ወንበር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እናቴ በመጨረሻዋ ሰሞን «ከዚያ ልጅ ጋር እንዴት ነበር የምትገናኙት?» ብላ ስትጠይቀኝ እንኳ ወሬ ቀይሬባታለሁ። የሁለታችን ነበረች። አሁን አንድ መቶ ሰባ ሰው ወዶልናል።

ከሁሉ በላይ ጃስፐር የሚባል የዴቨንፖርት ሰው ከሥሩ፣ «እኔ ብኖር ኖሮ ያቺ ወንበር ባዶ አትቀርም ነበር» ብሎ ጽፏል። ኔቪል የመለሰለት አንዲት የፈገግታ ምልክት ብቻ ነው። ያቺ ፈገግታ አንጀቴን አሳረረችው። ወደ ኋላ ተመልሼ ሳይ ጃስፐር የሌለበት ቦታ የለም። በድራማው ሥር ጃስፐር፣ በፍቅሩ ሥር ጃስፐር። ፎቶው ላይ ጢሙን ተከርክሞ ሻርፕ ጠምጥሟል፤ ከኔ አሥር ዓመት ያንሳል።

ያነበብኩትን ከኔቪል ደበቅኩ። በሚቀጥለው ሐሙስ ግን ሁለት ስኒ ቡና ጠጥቼ ዓይኔን እንዳፈጠጥኩ ፊልሙን ጨረስኩት።

«ዛሬ ምነው ሳትተኛ?» አለኝ።

«ለምን እተኛለሁ? ድራማ እወዳለሁ።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«እ... አቀራረጹ ጥሩ ነው» አልኩ።

«አቀራረጹ?» ብሎ ሳቀ። «ሂድ ወዳጄ፣ ተኛ። ነገ ሥራ አለብህ።»

ይህን ለጃስፐር ጽፎ ይስቁብኛል ብዬ ሲነጋ አውቶቡሱ ውስጥ ተደብቄ አነበብኩ። በአዲሱ ጽሑፉ ስለኔ አንድም ቃል የለም። ያም አበሸቀኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ኔቪል ችግኝ መሸጫውን ዘግቶ፣ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ መጣ። ዴቨንፖርት ውስጥ በአንድ አዳራሽ ስለ ተመሳሳይ ጾታ ፍቅር የተሠሩ ፊልሞች ይታያሉ፤ ስለ ፊልም የሚጽፉትም ሰዎች ይገናኛሉ አለኝ።

«አንተን ይሰለችሃል ብዬ ነው እንጂ...» አለና ተወው።

«ሂድ፣ ሂድ» አልኩት። ምንም አለመደበቁ ይባስ አቃጠለኝ፤ ቢዋሸኝ ቢያንስ የምይዝበት ነገር ነበረኝ። ሩብ ሰዓት ጠብቄ ፒካፔን አስነሳሁና ተከተልኩት።

ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ገብቼ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። የኔቪልን ማጅራት በጨለማም አልስተውም። ከአጠገቡ ያ ሻርፕ አለ። በየመሃሉ ጭንቅላታቸው ይገጥማል፣ ይንሾካሾካሉ፣ ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ፊልሙ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስለተዋደዱ ሁለት ሽማግሌዎች ነበር መሰለኝ። እኔ ያየሁት ሌላ ፊልም ነው።

መብራቱ በራና አስተያየት ተጠየቀ። ኔቪል ተነስቶ ተናገረ። እኔ ቤት ውስጥ ዘይትና ሽንኩርት ከመግዛት ያለፈ ወሬ የማይወጣው ሰው አዳራሹን አሳቀው፤ ቀጥሎም ጸጥ አሰኘው። ሲቀመጥ ጃስፐር ትከሻውን ጨበጥ አደረገው። እግሬ ሳያማክረኝ ተነሳ።

«እኔ አልወደድኩትም!» አልኩ። ሰው ሁሉ ዞረ። ኔቪል አመድ መሰለ።

«እነዚያ ሽማግሌዎች የልባቸውን ሁሉ ይጨዋወታሉ። ማን ነው ቤቱ እንዲህ የሚያወራ? እኔ ቤት ያለው ሰው የልቡን የሚያወጋው ለባዕድ ነው። የሁለታችንን ወንበር ሳይቀር አውጥቶ አደባባይ ላይ አሰጣት!»

ፊልሙን ሙሉ ስትስል የነበረች አንዲት ሴት እንኳ ሳሏን ዋጠችው። ጃስፐር ግን ፊቱ በራ።

«ክላይቭ ነህ?» አለኝ። «ስላንተ ስንት ነገር አንብበናል መሰለህ!»

«አንተ ደግሞ ወንበር ጠባቂው ነህ» አልኩትና ወጣሁ።

መኪና ማቆሚያው ላይ ከባሕር የሚመጣው ንፋስ ሰው ይጥላል። ኔቪል እየሮጠ ደረሰብኝ።

«ተከተልከኝ?»

«አዎ።»

«እንደ ሰላይ?»

«እንደ ባል።»

«አንተ ሰውዬ፣ ፊልም ባለቀ ቁጥር ላወራህ ስል ስንት ዓመት ነው የምታንኮራፋው?»

«ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው የምነሳው፣ ኔቪል።»

«አውቃለሁ። ስለዚህ አልቀሰቀስኩህም። ግን ነገሩ እዚህ ይቀራል» አለና ደረቱን መታ። «የት ላድርሰው?»

«ወንበሯን ግን...»

«ወንበሯ የኔም ናት።»

ያኔ ዋናውን ጥያቄ አወጣሁት። «ትወደዋለህ?»

ከንፋሱ ሸሸት ብሎ ፒካፔን ተደገፈ። «ሲያዳምጠኝ ደስ ይለኛል። ጽፌ መልሱን እጠብቃለሁ፤ ሲዘገይ ይከፋኛል። ከዚህ ያለፈ የለም። ይህን ያህል ግን አለ። አልዋሽህም።»

በየመኪናችን ተመለስን። መንገድ ላይ ያለችው ዴሎሬን ከተማ ስደርስ የኔቪል መኪና ዳቦ ቤት ደጃፍ ቆማ አየሁ። አልፌ ልሄድ ነበር፤ እጄ መሪውን አዞረው። ኔቪል ሁለት ትኩስ የሥጋ ፓይ ይዞ ወጣ።

«ሁለት?» አልኩት።

«መከተል ትችልበት የለ» አለ። አልሳቅንም፤ ግን ተቀበልኩት።

ፒካፑ ኋላ ላይ ተቀምጠን እየበላን፣ «ምን ነበር ስለ ሽማግሌዎቹ ያልከው?» አልኩት። እያየኝ ጀመረ። የታመመው ሽማግሌ የጓደኛውን ጫማ የሚያስርበት ቦታ ላይ ለምን እንዳለቀሰ ነገረኝ። ስለ አባቱ ነገረኝ። ፓዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ጥርሴን ነክሼ ነበር የማዳምጠው። ይህን ሁሉ ጃስፐር ከኔ ቀድሞ ሰምቶታል! ግን አዳመጥኩ።

ከዚያ ወዲህ ፊልማችን ከሐሙስ ማታ ወደ እሑድ ከሰዓት ተዛወረ። እኔ አልተኛም፤ ብዙውን ጊዜም እሳደባለሁ። ሴት ወዳዶቹንም፣ ወንድ ወዳዶቹንም፣ አልቃሾቹንም አልምርም። ኔቪል ተከራክሮኝ ሲያበቃ ይጽፋል። ጃስፐር ዛሬም ቀድሞ ይመልሳል፤ እኔም ዛሬም አነባለሁ።

ባለፈው ወር ኔቪል ጃስፐርን ምሳ ጠራው። ኬክ ይዞ መጣ። የጠበስኩትን በግ ሁለት ጊዜ አስጨመረ፣ አውቶቡስ መንዳት እንዴት እንደሆነ ከልቡ ጠየቀኝ። ስለ አንድ የፍቅር ፊልም ተነሳና ተሳስተሃል አልኩት። ተሳስቷልም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተከራከርን። ኔቪል አገጩን በእጁ ይዞ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ያያል፤ እንደዚያ ደስ ብሎት ካየሁት ቆይቷል። በማን ምክንያት እንደሆነ ግን ልለየው አልቻልኩም።

እንግዳችን ሲሄድ ኔቪል ሳህኖቹን እያነሳሳ፣ «ጥሩ ሰው ነው፣ አይደል?» አለኝ።

«ጥሩ ነው» አልኩት። «ለዚህ እኮ ነው የማልወደው።»