ጥርባ ላይ ታየ አሉ

እኔና ትምህርት የተጣላነው ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ጥፋቱ የእሱ ነው። ቢሆንም ጥሊሊ ውስጥ ግጥም የሚባል ነገር ሲነሳ የምጠራው እኔ ነኝ። የቤተ መጻሕፍቷ ሶስና በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ የሚነበብ የነዋሪዎች ግጥም ልታዘጋጅ ስትነሳ ደብተር ሰጠችኝ። «ሽባባው፣ ከየቤቱ አንዳንድ ቃል ለቅመህ ግጠም። ከራስህ እንዳትጨምር» አለችኝ።

ደጊቱ ስለ ማዳበሪያ፣ ይሄነው ስለ ጉልበቱ ነገሩኝ። ጨርቅ ነጋዴዋ እትዬ ዘይቱና ግን ሜትራቸውን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ። ባላቸው ሙሄ አዘና ገበያ እንደሄደ ከቀረ ስምንት ወሩ ነው፤ ስልኩም አይሠራም።

«ሙሄን ያየ ሰው ይንገረኝ በልልኝ። በድምፅ ማጉያ ከተነበበ ገበያተኛው ሁሉ ይሰማል።»

ቁጭ ብዬ ስገጥም «ዘይቱና» ለሚለው ቤት የሚመታልኝ «በጤና» ብቻ ሆነ።

ሙሄን ያያችሁ ንገሩኝ ትላለች ዘይቱና፣
ጥርባ ላይ ታየ አሉ ከነፈረሱ በጤና።

ፈረሱን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፤ ስንኙ አጠረብኝ። ሶስናም ከሰው አፍ የለቀምኩት መስሏት በገበያው ቀን አነበበችው። እልልታው ቀለጠ። እትዬ ዘይቱና ሱቃቸውን ዘግተው፣ የሙሄን ካፖርት ይዘው መጡ።

«ማነው ያየው?»

«ማንም። ቤት እንዲመታ ብዬ ነው፣ እትዬ። በማርያም።»

«ጅብ ጋልቤ ዳንግላ ደርሼ መጣሁ ስትል በማን ነበር የማልኸው?»

«እሱም በማርያም ነው።»

«እንግዲያው ተወኝ። ሌላ አግብቶ አትንገራት ብሎህ ነው። ያግባ፣ ምን ቸገረኝ። በሕይወት አለ ብቻ በለኝ።»

«አላውቅም» አልኳቸው። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ እውነት ተናግሬ አላውቅም።

የጥርባ ሚኒባስ ተሳፈሩ፤ ተከትዬ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ ለሾፌሩም ለተሳፋሪውም ውሸታም መሆኔን አስረዳሁ። ሰው ሳቀና ጨምርልን አለኝ።

ጥርባ ስንወርድ እትዬ ዘይቱና መንገድ ዳር የቆሙ ሽማግሌ አገኙ። «አባቴ፣ ሙሄ የሚባል፣ ረጅም፣ ጨርቅ ነጋዴ እዚህ አይተዋል?»

«እኔ እንኳ አላየሁም። ግን እዚህ ታይቷል አሉ። ከገበያ የተመለሰው ሁሉ ወሬው እሱ ነው። ፈረስም አለው አሉ።»

«ግጥሙን ሰምተው ነው፣ አባባ። የፈጠርኩት እኔ ነኝ።»

«አፍህን ያዝ» አሉኝ እትዬ ዘይቱና። ካፖርቱን ደረታቸው ላይ አጥብቀው፣ ሰፈሩን በሸፈነው ጉም ውስጥ ወደ መጀመሪያው ቤት ሄዱና አንኳኩ።

«ከነፈረሱ ታየ የተባለው?» ስትል ሰማሁ የቤቷ ባለቤት። «አዎ፣ አዎ፣ ሰምተናል። እስቲ ወደ ላይኛው ሰፈር ይጠይቁ።»

ወደ ላይኛው ሰፈር ሄዱ። እኔም ከኋላ ከኋላቸው፣ ውሸት ነው እያልኩ፣ ከቤት ቤት።