ከአንድ መኪና የወረዱ ሰዎች

ሲስተር ፋንቱ ሦስቱን ሰንጠረዦች ወደ አንድ ፋይል ለማዋሃድ ከጠዋት ጀምሮ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍታ ነበር፤ ቁጥር መቶ አሥራ ሰባት ላይ ስትደርስ እጇ ቀጥ አለ። ስም የለውም፤ ጥናቱ ተሳታፊዎቹን የሚያውቃቸው በቁጥር ብቻ ነው። እሷ ግን ማን እንደሆነ አልጠፋትም። የአጋሮው ፀጉር አስተካካይ ጀቤሳ ነው። ከሁለት ወር በፊት ለቅሶው ላይ ተገኝታለች።

ጥናቱ የተጀመረው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ድነዋል ከተባሉ በኋላ ለምን መልሶ እንደሚያገረሽባቸው ለማወቅ ነበር። ጥያቄውን አንድ ሙያ ብቻውን አይመልሰውም ተብሎ የተለያየ ነገር የተማሩ ሰዎች ተሰባሰቡበት። ፋንቱ የአእምሮ ጤና ነርስ ናት፤ የሕመሙን ምልክት ትጠይቃለች። ዋቅጋሪ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ ነው፤ ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብሎ ስለ ኑሯቸው ያወራል። መቅዲ ከላቦራቶሪ ናት፤ ደም ትቀዳለች። ሦስቱም ከጅማ በአንድ መኪና ወጥተው በአንድ መኪና ይመለሳሉ። ወረቀታቸው ግን ለየብቻ ነው የሚገባው። አንዱ የሌላውን መልስ አይቶ ሥራውን እንዳያዛባ፣ መረጃው የሚገናኘው ሁሉም ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ነው የሚል መመሪያ ነበራቸው።

አሁን ሦስቱ መልሶች በአንድ መስመር ላይ ተሰልፈዋል።

እሷ ራሷ የሞላችው፣ «መድኃኒቱን በየቀኑ ይወስዳል፤ የእጁ መንቀጥቀጥ ጠፍቷል» ይላል። የመቅዲ ደግሞ፣ «በደሙ ውስጥ መድኃኒቱ አልተገኘም።» ዋቅጋሪ እንዲህ ጽፏል፦ «እናት እንደነገሩኝ ልጁ ኪኒኑን ትቷል። እጁን ስላንቀጠቀጠው ሰው ምላጭ ለያዘ እጁ አንገቱን መስጠት ፈራ። ሥራዬን ከማጣ ሕመሜን ይዤ ብኖር ይሻለኛል ብሏቸዋል።»

ፋንቱ ያን ቀን ደህና አድርጋ ታስታውሰዋለች። ጀቤሳ የአንድ ሽማግሌ ጢም እየላጨ ነበር። እጁ ቀጥ ብሎ ሲሠራ አይታ ደስ አላት፤ መድኃኒቱ ተስማማው ብላ ነበር የጻፈችው። እየወሰደ እንደሆነ ስትጠይቀው «አዎ ሲስተር» ብሎ ሳቀ። መንቀጥቀጡ መጠኑን በመቀነስ ወይም አንዲት ኪኒን በመጨመር የሚስተካከል ነገር ነው። ኪኒኗ በቦርሳዋ ውስጥ ነበረች።

ነሐሴ ላይ ሕመሙ ተመለሰበት። ለሦስት ቀን እንቅልፍ አጣ፤ በአራተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ በዝናብ ከቤት ወጥቶ በበደሌ መንገድ መሐል ለመሐል ሲሄድ የጭነት መኪና ገጨው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

ፋንቱ ኮምፒውተሩን ሳታጠፋ ተነስታ ዋቅጋሪን ጠራችው። ቆሞ አነበበው። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ደግሞ አነበበው።

«ስጽፈው የነገርኩ መስሎኝ ነበር» አላት።

ሁለቱም ወደ ጥናቱ ኃላፊ ወደ ዶክተር ወልደሰማያት ገቡ። ዶክተሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ መስመሩን ሲያይ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ግን መመሪያው የተጻፈው ጥናቱ እንዳይበላሽ እንደሆነ፣ ማንም ሆን ብሎ ያጠፋው ነገር እንደሌለ፣ የሞተ ተሳታፊም ከትንታኔው እንደሚወጣ አስረዳቸው። ፋንቱ ተመሳሳይ መልስ ያላቸው ሌሎች ሁለት ሰዎች እንዳሉ ነገረችው፤ አንዱ አጋሮ፣ አንዷ አሰንዳቦ።

«ማክሰኞ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ይሰበሰባል» አለ ዶክተሩ። «እስከዚያ ለማንም ምንም አንልም።»

ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ፋንቱ በማግስቱ የዕረፍት ፈቃድ ሞልታ በሚኒባስ ወደ አጋሮ ሄደች።

የጀቤሳ እናት አዴ ጊፍቲ ከደጃፋቸው የተሰጣውን ቀይ ቡና በእጃቸው እያገላበጡ አገኘቻቸው። የልጃቸው ሱቅ ለስልክ ጠጋኝ ተከራይቷል፤ ትልቁ መስታወት ብቻ በቦታው አለ። አዴ ጊፍቲ ሲያዩዋት እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ሳሟት፤ ብቻዋን መምጣቷ ገርሟቸው ስለ ዋቅጋሪና ስለ መቅዲ በየስማቸው ጠየቁ። ውሃ አመጡላት። ፋንቱ መንገድ ላይ ስትደረድረው የመጣችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት።

«አዴ ጊፍቲ፣ ጀቤሳ ኪኒኑን መተዉን እኔ አላውቅም ነበር» አለች።

አዴ ጊፍቲ ያልሰሙ ይመስል አዩዋት።

«እንዴት አታውቂም? ነግሬ የለም እንዴ?»

«ለዋቅጋሪ ነው የነገሩት።»

«አዎ፣ ለእሱ። እዚሁ ተቀምጦ ጻፈው። አንቺ እኮ እዚያ ሱቁ ውስጥ ነበርሽ።» እጃቸውን ወደ ሱቁ ዘረጉ። ርቀቱ አሥር እርምጃ አይሞላም። «ከአንድ መኪና አይደል የምትወርዱት?»

ፋንቱ ወረቀቱ ለየብቻ እንደሚገባ፣ ማንም የሌላውን እንደማያይ፣ ደሙም መድኃኒት እንደሌለበት ተናግሮ እንደነበር አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። ቃላቱ ከአፏ ሲወጡ ለራሷም አልረባ አሏት። አዴ ጊፍቲ አላቋረጧትም። ስትጨርስ አንድ ፍሬ ቡና አንስተው በጣታቸው መሐል እያሹ ቆዩ።

«እኔ እኮ ጠብቄ ነበር» አሉ። «ጀቤሳ ለሲስተር እንዳትነግሪ ብሎ አስምሎኛል። ለዚህ ነው ላንቺ ያልነገርኩሽ። ለዚያኛው ልጅ ብነግረው ለሷ ያደርስልኛል፣ መሐላዬም አይፈርስም ብዬ ነው። ዛሬ ትመጣለች፣ ነገ ትመጣለች እያልኩ ጠበቅሁሽ። ሳትመጪ ስትቀሪ፣ አውቀው ዝም ካሉ የሚጎዳው ነገር አይደለም ማለት ነው ብዬ እኔም ዝም አልኩ።»

ፋንቱ ልታለቅስ አልፈለገችም፤ በእኚህ ሴት ደጃፍ ማልቀስ የእሷ ተራ አልመሰላትም። እንባዋ ግን አልታዘዘላትም። አዴ ጊፍቲ አላለቀሱም።

«ከነገርኩት ቀን እስከሞተበት ስንት ቀን ነው?»

ፋንቱ ታውቀዋለች። ዝም ማለት ትችል ነበር።

«አርባ አንድ ቀን።»

«አርባ አንድ» አሉ አዴ ጊፍቲ። ቀስ ብለው ተነሱ፤ ወደ ሱቁ ሄደው በበሩ በኩል መስታወቱን አዩ። ስልክ ጠጋኙ አንገቱን ቀና አድርጎ ሰላም አላቸው፤ አልመለሱለትም። ተመልሰው መጥተው ቡናው አጠገብ ተቀመጡ።

«ልጄን ያመው ነበር እንጂ ሞኝ አልነበረም» አሉ። «እጁን ፈልጎ ነው።»

«አውቃለሁ፣ እናቴ። አሁን አውቃለሁ።»

«አሁን» አሉ ቃሏን ደግመው፤ በድምፃቸው ቁጣ አልነበረም። ከቁጣ የሚከብድ ነገር ነበረበት፤ ድካም። ከዚያ ቀና ሳይሉ ጠየቋት፦ «ሌላም አለ? እንደኔ የነገረ ሰው?»

ፋንቱ የሌላ ሰው ጉዳይ መናገር አትችልም። ዝምታዋ ግን ነገራቸው። አዴ ጊፍቲ ማን እንደሆነ አልጠየቁም፤ የትም እንደሆነ አልጠየቁም።

«ሂጂ በቃ፣ ኢንታላ ኮ» አሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እኔን ተይኝ። ዛሬ ከኔ ጋር ተቀምጠሽ የምትጠቅሚኝ ነገር የለም።»

ሳመቻቸው። እሳቸው ግን አልሳሟትም፤ ጉንጫቸውን ብቻ ሰጧት።

መናኸሪያው ስትደርስ ሰዓቱ ዘጠኝ አልሞላም። የጅማው ሚኒባስ ሊሞላ አንድ ሰው ቀርቶታል፤ ረዳቱ በሩን ይዞ «ነይ፣ ግቢ፣ እንሂድ» ይላታል። ፋንቱ አንድ እግሯን አስገብታ ቆመች። ሌላው የአጋሮ ሰው ቤቱ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው፤ ሚስቱ ለዋቅጋሪ ከነገረችው አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። እስከ ማክሰኞ አራት ቀን አለ። ማክሰኞ ኮሚቴው ምን እንደሚል አታውቅም፤ የኮሚቴውን ፈቃድ ሳታገኝ ወደ ሰውየው ቤት መሄዷ ሥራዋን ሊያሳጣት እንደሚችል ግን ታውቃለች።

እግሯን መለሰች። ረዳቱ በሩን ዘግቶ ሌላ ሰው ይጣራ ጀመር።

ለዋቅጋሪ ደወለችለት።

«አሰንዳቦ ያለችው ጋ አንተ ሂድ» አለችው። «ዛሬ። ወረቀት አትያዝ።»

«እሺ» አላት።

ስልኩን ዘግታ ከመናኸሪያው አፍ የቆመ ባጃጅ ውስጥ ገባች፤ ለሹፌሩም ወደ ወፍጮ ቤቱ እንዲወስዳት ነገረችው።