በጣውላ ቤት የተንሳፈፈችው ማግኔት

ማግኔት አየር ላይ ይቆማል ብላ በገዛ አፏ የተናገረችው ፀሎት ራሷ ናት፤ ማንም አላስገደዳትም። ከዚያ ወዲህ የኮልፌው ቤታቸው ሰላም አጣ። አባቷ አቶ ሀብተሥላሴ፣ «ዛሬ ቆሞ ካላየሁት ይሄ ሁሉ ኮተት ነገ ለቆራሌው ነው!» ብለው ቁርጡን ነግረዋታል። ኮተት የሚሉት ከአሮጌ ዕቃ የለቃቀመችውን ማግኔትና ብሎን፣ የልጅቷን ነፍስ ነው፤ ከ18 ማዞሪያ የሞባይል ጥገና ሥራዋ ስትመለስ ሌላ የሚያስደስታት ነገር የላትም።

ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ትልቅ ማግኔት ከላይ በብሎን ይንጠለጠላል። ከሥሩ እርሳስ ውስጥ እንዳለው ዓይነት ሁለት ጥቁር የግራፋይት ቁራጮች አሉ፤ በመሃላቸው ከጆሮ ማዳመጫ የፈለቀቀቻት ትንሽዬ ማግኔት። ትልቁ ወደ ላይ ይስባታል፣ ግራፋይቱ ደግሞ ከላይም ከታችም አትጠጊኝ እያለ ይገፋታል። ብሎኑ ልክ ልኩ ከተስተካከለ ትንሿ ምንም ሳትነካ መሃል ላይ ትቀራለች።

ችግሩ ቤቱ ነው። የሳሎኑ ወለል ጣውላ ስለሆነ ሰው በተነሣ ቁጥር ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፣ ማግኔቷም ጠቅ ብላ ግራፋይቱ ላይ ትለጠፋለች። የአቶ ሀብተሥላሴ ቤት ደግሞ መነሣት የበዛበት ቤት ነው! ታላቅ ሰው በበሩ ብቅ ካለ ሁሉም ብድግ ብሎ «ኖር!» ማለት አለበት፤ ቁጭ ብሎ የቀረ ወዮለት። ጠዋት አክስቷ መጡ፤ ኖር፣ ጠቅ። ከምሳ በኋላ ጎረቤታቸው እትዬ ዋጋነሽ ወንፊት ሊዋሱ መጡ፤ ኖር፣ ጠቅ። ፀሎትን አልቅሺ አልቅሺ አላት።

አመሻሹ ላይ ማግኔቷ እንደምንም ተንሳፈፈች። ብሎኑ ላላ ስለሚል ፀሎት በሁለት ጣቷ ይዛው ትንፋሿን ዋጠች። ይሄኔ አባቷ ገቡ። አልተነሣችም።

«እንዴ! ለአባትሽ ነው?» አሉ ፊታቸው ጠቁሮ።

«አባባ፣ ብነሣ ትወድቃለች። ስለ እግዜር ዝቅ ብለው ይዩ።»

እያጉረመረሙ ቀስ ብለው ተንበረከኩና መነጽራቸውን አደረጉ። ቁራጭ ወረቀት ከሥሯ አሳለፉ፣ ከላይዋም አሳለፉ። «ወይ ጉድ! ምንም የያዛት የለም እኮ!» ብለው እንደ ልጅ ሳቁ። አባቷ እንዲህ ሲስቁ ካየች ቆይታለች።

«እጅሽ ዝሏል፣ አምጪው» ብለው ብሎኑን ተቀበሏት።

ወዲያው በሩ ተከፈተ። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ደግፌ ናቸው፤ አቶ ሀብተሥላሴ በሰፈሩ ከማንም በላይ የሚያከብሯቸው ሰው። አለቀልኝ፣ አለች ፀሎት በሆዷ። የአባቷ ጉልበት ለመነሣት ከመሬት ሲላቀቅ አየችው።

ጉልበቱ ተመልሶ መሬት ያዘ።

«ጋሽ ደግፌ፣ ኖር ብያለሁ፤ ግን አልነሣም» አሉ ዐይናቸውን ከማግኔቷ ሳይነቅሉ። «እርስዎም ቀስ ብለው ይርገጡና ይምጡ፣ ልጄ የሠራችውን ላሳይዎት።»