የኤሊው ክላክስ

«ቀስ አድርገሽ አስቀምጪው እንጂ! ብርጭቆው ምን አደረገሽ?»

የአጎቷ ሚስት ናቸው። ልጅቷ የሻይ ብርጭቆዎቹን እቃ ማጠቢያው ውስጥ ስትወረውር አንዱ ተሰብሯል። ከጠዋት ጀምሮ የለቅሶ ወንበር አከራዩ ላይ በስልክ ጮኻለች፤ ሊያጽናናት የመጣ ጎረቤትም ገላምጣለች።

«እትዬ፣ ዛሬን እንኳን ይተዉኝ!»

«እተውሻለሁ። ግን የአባትሽ ልጅ አትመስይም። እኔ ተድሬ ከመጣሁ ጀምሮ ያ ሰው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼ አላውቅም። እሱ ሲፈጠርም ቅዱስ ነው።»

ልጅቷ ስብርባሪውን ልትለቅም ጎንበስ አለች። ሳሎን የተሰበሰበው ሰውም ከቀብሩ ወዲህ የሚያወራው ይህንኑ ነው፤ ታክሲ ነድቶ ሰው ያልተሳደበ! እሷ ደግሞ በምትሠራበት ፋርማሲ ቆማ ወረፋ የሚጋፋ ባየች ቁጥር ደሟ ይፈላል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይቅር በለኝ ብላ አልቅሳ ትመጣና ሰኞ ሳይረፍድ እዚያው ናት። ከዚያ ሁሉ ደግነት ጠብታ እንኳን ሳያወርሰኝ ሄደ ብላ ታስባለች። ከሞቱ እኩል ያመማት ይኸው ነው።

ስብርባሪውን ለቃቅማ ሳሎን ስትገባ፣ የአባቷን ታክሲ ሲጠግኑ የኖሩት ሽማግሌ መካኒክ መጥተዋል።

«እግዚአብሔር ያጥናሽ ልጄ። ታክሲዋን ልትሸጫት ከሆነ አምጪልኝና ክላክሷን ልቀጥልልሽ።»

«የተበላሸውን?»

«ማን ተበላሸ አለሽ? እኔው ነኝ የቆረጥኩት። እሱ ነው ያስቆረጠኝ።»

ልጅቷ የዚያችን ታክሲ ክላክስ ሰምታ አታውቅም። ትምህርት ቤት ሲያደርሳት ቀስ ብሎ ስለሚነዳ የሰፈሩ ልጆች «ኤሊው መጣ!» ይላሉ፤ እሷም በሃፍረት ከወንበሩ ሥር ትንሸራተታለች። «አባዬ፣ ክላክሱን ለምን አታሠራውም?» ስትለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ይቆይ።»

«አባትሽ አንቺ ነፍስ ሳታውቂ አፉ እሳት ነበር» አሉ መካኒኩ ሻያቸውን እያማሰሉ። «አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ መንገድ የሚያቋርጡ አዛውንት ላይ ክላክሱን ለቀቀባቸው። ሰውዬው ደንግጠው ዳቦው ከእጃቸው ወደቀ። ይባስ ብሎ ሰደባቸው። ቀጥታ እኔ ጋ መጣ። ‹መዝሙሩ ከአፌ ሳይወርድ ተሳደብኩ፤ ይኼን ነገር ቁረጥልኝ› አለኝ። ‹አብደሃል? ሰው ቢገባብህስ?› ስለው፣ ‹ቀስ ብዬ እነዳለኋ!›»

ሳሎኑ ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቶ ሳቀ።

«በአንዴ የተሳካለት መሰለሽ? ‹ልፈነዳ ነው፣ መልሰህ ቀጥልልኝ› ብሎ ሁለቴ መጥቷል። ሁለቴም ቀጠልኩለት። ብዙም ሳይቆይ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል፤ ‹ቁረጠው፣ ዛሬም እግዜርን አስቀየምኩት።› በቀደም ሳገኘው እንኳን ‹እጄ አሁንም አላርፍ ብሎኛል› ብሎ አስቆኛል።»

የአጎቷ ሚስት አፋቸውን ይዘው ቀሩ።

አመሻሽ ላይ ልጅቷ የአጎቷን ሚስት በአባቷ ታክሲ ቤታቸው ልታደርሳቸው ተነሣች። መታጠፊያው ላይ አንድ መኪና መንገዱን ዘግቶ ቆሟል፤ ሾፌሩ በመስኮት ከአንድ እግረኛ ጋር ወሬ ይዟል። ደሟ ፈላ። መዳፏን በሙሉ ኃይሏ መሪው መሃል ላይ ጫነችው።

ድምፅ የለም።

ያኔ ነው ዝቅ ብላ ያየችው። የመሪው መሃል አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ በመዳፍ ልክ፣ ተፍቆ ለስልሷል። ክላክሱ የተቆረጠው እሷ ነፍስ ሳታውቅ ነው። አባቷ ግን በየመንገዱ፣ በየቀኑ፣ ሲጫነው ኖሯል። ንዴቱ አንድም ቀን አልተወውም ነበር፤ የእሷኑ ንዴት ነው ይዞ የኖረው። እንባዋ መጣ፤ ሳቋም አብሮ መጣ።

«አይሠራም እኮ የኔ ልጅ» አሉ የአጎቷ ሚስት በለሰለሰ ድምፅ። «ነገ ታሠሪዋለሽ?»

«ይቆይ» አለች።

መዳፏን ከዚያች ከለሰለሰችው ቦታ ሳታነሣ፣ የፊተኛው ሰውዬ ወሬውን እስኪጨርስ ጠበቀች።