ጨው ነው አለቻት

ጎረቤት ስም ሲያወጣ አይስትም። ሴትየዋን «እትዬ ወይኔ» ያሏት ያለ ምክንያት አይደለም። ስልክ ሲጮህ «ወይኔ!»፣ በር ሲንኳኳ «ወይኔ!»፣ ስልኩም በሩም ጸጥ ሲል ደግሞ «ወይኔ፣ ዛሬስ ምን ሆነው ነው ዝም ያሉት?» የምትል ሴት ነበረች። ሊፍት ስለምትፈራ አምስተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ትወጣለች፤ ደረጃውንም ስለምትፈራ ግድግዳውን ታክካ ትወጣለች። ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። «ዕድሜዬን ሙሉ ስነዳ አንድም ቀን አልተገለበጥኩም፤ እሷ ግን ቤት ቁጭ ብላ በየቀኑ ስትገለብጠኝ ኖራለች» እያለ ጎረቤቱን ያስቃል።

አንድ ልጅ አለቻቸው። ኬሚስትሪ ተምራ ተመራማሪ ሆናለች። የልጅቷ ባል ሥራው ሌላ ከተማ በመሆኑ፣ እሷና ትንሿ ሴት ልጇ ከእናት ከአባቷ ጋር ነው የሚኖሩት። ትንሿ አንድ ቦታ አርፋ ስለማትቀመጥ አያቷ «ፌንጣ» ብሏታል፤ ስሙም ጸደቀ።

ልጅቷ ቤተ ሙከራ የተቀጠረች ሰሞን እናቷ ያው እንደ ልማዷ አፋጠጠቻት።

«ምንድን ነው እዚያ የምትሠሪው? እውነቱን ንገሪኝ።»

«አዲስ ባትሪ ነው እማዬ። አሁን ስልክና መኪና ውስጥ ያለው ባትሪ ሆዱ ውስጥ ፈሳሽ አለው፤ ፈሳሹ ደግሞ እሳት ይወዳል። እኛ ፈሳሽ የሌለው፣ ድፍን የሆነ፣ የማይቃጠል ልንሠራ ነው የምንሞክረው። ያውም በውድ ብረት ሳይሆን እንደ ልብ በሚገኝ፣ ሶዲየም በሚባል። ብረቱ ብቻውን ሲሆን ግን ክፉ ነው። ዘይት ውስጥ ካልተቀመጠ አየሩ ራሱ ይበላዋል። የምንነካው በመስታወት ሳጥን ውስጥ በረጃጅም ጓንት ነው። ውሃ ከነካውማ...»

«ወይኔ!» አለችና እናት ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች። «ተዪው! አትንገሪኝ! በቃ ልጄን በላት!»

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። በሳምንቱ ግፊቷ አሻቅቦ ሐኪም ቤት ገባች፤ ሐኪሙም አባትየውን ገለል አድርጎ «ከጭንቀት ጠብቋት» አለው። አባትና ልጅ መከሩ። ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የእናቷን እጅ ያዘች።

«እማዬ፣ እኔ እኮ ነገር ሳጋንን ነው። ጨው ነው። ምግብ ላይ የምትነሰንሺው ጨው!»

«ጨው?»

«ጨው ነው።»

ይህ ነገር ሙሉ ውሸት አይደለም፤ ሶዲየም የጨው ግማሽ ነው። ሙሉ እውነትም አይደለም፤ የጨው ሌላኛው ግማሽ ክሎሪን ነው፤ ሁለቱ ለየብቻቸው ሲሆኑ ሰው ይጎዳሉ፤ ሲጋቡ ነው ገበታ ላይ የሚቀርቡት። እናትየው ግን ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። ጨው ማን ይፈራል? ግፊቷ ወረደ። ለጎረቤትም «ልጄ ጨው ነው የምትመራመረው» ትል ጀመር። ባሏ ብቻ «ይህን ሁሉ ዘመን አስተምረን ጨው ቸርቻሪ ሆነችልን» እያለ ይቀልዳል።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቤተ ሙከራው ውስጥ የአደጋ ደወል ጮኸ። ልጅቷ ለቅዳሜ ሙከራ ያዘጋጀችውን ትንሽ ጠርሙስ ቦታው ልትመልስ ይዛ ነበር። «ውጡ! ውጡ!» ሲባል ክዳኑን አጥብቃ ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተችና ወጣች። ደወሉ ተበላሽቶ ነው የጮኸው ተባለ፤ እስኪጠገን ድረስ ግን ሁሉም ወደየቤቱ ይሂድ ተባለ። የመሥሪያ ቤቱ የልብስ ማጠቢያ ከተሰበረ ሰንብቶ ስለነበር እናቷ «ጋዋንሽን አምጪውና በእጄ ላንጣው» ስትል ነው የከረመችው። ልጅቷ ጋዋኗን አውልቃ፣ ጠቅልላ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረች። ጠርሙሱን ረሳችው። ሥራዋን ጠንቅቃ የምታውቅ ሰው ናት፤ ግን ደወል የጮኸበት ሰው ልቡ ከኪሱ ይርቃል።

ቅዳሜ ጠዋት እሷ ተመልሳ ወደ ሥራ ሄደች። እናት ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ሰፊውን ሳፋ ውሃ ሞላችና የዱቄት ሳሙና በተነችበት። ፌንጣ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ አረፋውን በመዳፏ ጠፍ ጠፍ ታደርጋለች። እናት ልብስ ከመዘፍዘፏ በፊት ኪስ ትፈትሻለች፤ አንድ ጊዜ የባሏን መንጃ ፈቃድ ከነኪሱ አጥባ የሰማችውን ቁጣ አትረሳውም። እጇን ወደ ጋዋኑ ኪስ ስትሰድ ጠርሙሱን አገኘች።

ወደ ብርሃን አነሳችው። ዘይት ውስጥ የተዘፈቁ አመድማ ቁርጥራጮች። ላዩ ላይ በልጇ እጅ ሁለት የፈረንጅ ፊደላት ተጽፈዋል፤ ሲነበቡ «ና» ይላሉ። እናት ፈገግ አለች። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለች የኬሚስትሪ መምህራቸው ሶዲየምን ያስተማራቸው በዚሁ ቀልድ ነበር። «ይኼ ‹ና› የሚባለው ብቻውን መኖር አይወድም፤ ክሎሪንን ‹ና!› ብሎ ጠራው፣ መጣ፣ ተጋቡ፣ ጨው ሆኑ።» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ቀልዱ ከአእምሮዋ አልጠፋም። መምህሩ ከሳቁ በኋላ ስለ ውሃ የተናገረው ግን፣ ወይ አልሰማችውም፣ ወይ ከሳቁ ጋር ሄዷል።

«አይ ልጄ! ጨውዋን ረስታ ሄደች» አለች። «ደግሞ ማን ነው ዘይት ያፈሰሰበት?»

ጋዋኑን ወንበር ላይ ጣል አድርጋ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የእሷ ስልክ መኝታ ቤት ውስጥ ጮኸ፤ እጇ ሳሙና ነበርና ዝም አለችው። ቆየት ብሎ ሳሎን ያለው የባሏ ስልክ ጮኸ።

የደወለችው ልጅቷ ናት። እያለከለከች ነው።

«አባዬ! ጋዋኔን ውሃ እንዳታስነኩት! ኪሱ ውስጥ አደገኛ ነገር አለ። ውሃ ከነካው ይፈነዳል። ለእማዬ ንገራት፣ እየመጣሁ ነው!»

ሰውየው ቀጥ ብሎ ቆመ። «ለእማዬ ንገራት» የሚለው አስጨነቀው። «ይፈነዳል» ቢላት እሷው ቀድማ እንደምትፈነዳ ያውቃል። ሐኪሙ ያለውም ትዝ አለው። ወደ ወጥ ቤቱ በር ሲደርስ ጋዋኑን እንደ ደረቀ ወንበር ላይ ተጥሎ አየው። ተመስገን አለ በልቡ። ፊቱን አቀና።

«አንቺ፣ ልጅሽ ጋዋኑን ዛሬ አትጠቢው ብላለች።»

«ለምን?»

«እ... ቀለሙ እንዳይለቅ።»

«ነጭ ልብስ ደግሞ ምን ቀለም አለው የሚለቅ?»

«እኔ ምን አውቄ! የተማረችው እሷ ናት» አለና ጋዋኑን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ታቅፎ ወጣ። መኝታ ቤት ገብቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። ኪሱን አልነካም፤ መንካቱንም ፈርቷል። ከዚያ ቁልፉን ጨብጦ፣ ሚስቱን ከድንጋጤ አተረፍኩ ብሎ፣ ሳሎን ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ ቁጭ አለ።

ወጥ ቤት ውስጥ እናት አጉረመረመች። ጋዋኑን ከከለከሏት እንግዲህ ጨዉን ታጥበዋለች። የጠርሙሱን ክዳን ከፈተች፤ በማንኪያ አንዱን አወጣችና በጨርቅ ጠረገችው። በቢላዋ ሞከረችው። ቢላዋው እንደ ሳሙና ሰርጎ ገባ። ውስጡ እንደ አዲስ ማንኪያ አብረቀረቀ፤ ወዲያው ግን ሞራ እንደያዘው ዓይን ፈዘዘ።

እናት እጇ ቆመ። ጨው እንዲህ አይቆረጥም። ጨው አያብረቀርቅም። ዕድሜዋን ሙሉ ሳትጠራው ሲመጣ የኖረው ፍርሃት አሁንም ከደረቷ ሥር ብቅ አለ። እሷ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ገሠጸችው። ጨው ነው ብላኛለች፤ የገዛ ልጄ እጄን ይዛ ጨው ነው ብላኛለች። ደግሞስ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» አይደል የሚባለው? ድንጋይ መምሰሉ ምን ይገርማል!

ቁራጩን በማንኪያ ወደ አፏ አቀረበችው። የምላሷ ጫፍ ወጣ።

«እማማ፣ እኔም ልቅመስ!» አለች ፌንጣ።

አያት ምላሷን መለሰች። ሕፃን እያየ ያልታጠበ ነገር አይቀመስም። ግማሹን ቁራጭ መክተፊያው ላይ ተወችና የሽምብራ ፍሬ የምታህለውን ሌላኛዋን ግማሽ፣ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ጠብ አደረገቻት።

ቁራጯ አልሰጠመችም። ሽሽሽ አለች። ክብ ሆነች። እንደ ጤዛ ድብልብል ብላ፣ ጅራቷን እሳት እንደነካት ድመት የብርጭቆውን ዙሪያ ትሮጥ ጀመር። ፌንጣ እየሳቀች አጨበጨበች። «ሮጠች! ሮጠች!» ቢጫ ነበልባል ብልጭ አለና ጧ! ብርጭቆው ተሰነጠቀ፤ አንዲት ትኩስ ጠብታ የእናትን የእጅ አንጓ እንደ ምስማር ወጋችው።

ወደ ኋላ ተስፈንጥራ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ጠረጴዛው ላይ ጠርሙሱ የለም።

ፌንጣ ሳፋው አጠገብ ቆማለች። ክፍቱን ጠርሙስ በሁለት እጇ ይዛ ውሃው ላይ ዘርግታዋለች።

«እኔም ላሩጣቸው!»

ዘይቱ ወደ ጠርሙሱ አፍ ተንሸራተተ። ከኋላው አመድማዎቹ ቁርጥራጮች ተከተሉ። አንዲት የዘይት ጠብታ አረፋው ላይ ወደቀች።

በዚያች ቅጽበት የዕድሜ ልክ «ወይኔ» ሁሉ ተሰብስቦ ጉሮሮዋ ላይ ደረሰ። ብትጮህ ፌንጣ ትደነግጣለች፤ ከደነገጠች ትለቀዋለች። ያች ሽምብራ ብርጭቆ ከሰነጠቀች፣ እነዚያ ተባብረው የሕፃን ዓይን ምን ሊያደርጉት ነው? እናት «ወይኔ»ዋን እንደ አጥንት ዋጠችው። ወለሉ ላይ ቀስ ብላ በጉልበቷ ተንበረከከች።

«ፌንጣዬ» አለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት። «ነይ እስቲ። እነሱ እኮ ውሃ ይፈራሉ።»

«ይፈራሉ?»

«በጣም። ሁሉን ነገር ይፈራሉ።»

ሕፃኗ ጠርሙሱን ወደ ዓይኗ አቀረበችና አየቻቸው። «እንደ አንቺ?»

«እንደ እኔ።»

«እትዬ ወይኔ ናቸው?» ፌንጣ ከት ብላ ሳቀች፤ ጠርሙሱም ከሳቋ ጋር ተንቀጠቀጠ። እናት አልተንቀሳቀሰችም። አልተነፈሰችም።

«አዎ፤ እትዬ ወይኔ ናቸው። አሳዛኞች። ነይ፣ አምጪያቸውና እንቀፋቸው። ቀስ ብለሽ፤ አትዝለዪ።»

ፌንጣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትዘል መጣች።

ልጅቷ ደረጃውን በሩጫ ወጥታ በሩን በርግዳ ስትገባ፣ አባቷ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ከፍ አድርጎ አሳያት። «አትጨነቂ፣ ቆልፌበታለሁ!» ቁም ሣጥኑን ከፈተች። ኪሱ ባዶ ነው። የሁለቱም ፊት አመድ መሰለ።

እናቷን ወጥ ቤት ወለል ላይ አገኘቻት። ሕፃኗን በአንድ ክንዷ ደረቷ ላይ አጣብቃ፣ በሌላው እጇ ክዳኑ የጠበቀ ጠርሙስ ጨብጣ ተቀምጣለች። ሳፋው ውስጥ አረፋው ገና አልጠፋም። ልጅቷ ከቦርሳዋ ደረቅ ጓንት አውጥታ አጠለቀች፤ መክተፊያው ላይ የቀረውን ግማሽ አንስታ ዘይቱ ውስጥ መለሰችው። የእናቷን አንጓ ቧንቧ ሥር ይዛ ለረጅም ጊዜ አጠበችላት። ከዚያ እዚያው ወለሉ ላይ ዘጭ ብላ አለቀሰች።

«ጨው ነው ነበር ያልሽኝ» አለች እናት።

«እንዳትፈሪ ብዬ ነው እማዬ።»

«እኔም ቀለም ነው ያልኩሽ» አለ አባት በሩ ላይ ቆሞ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልመጣለትም። «እንዳትደነግጪ ብዬ።»

«ስፈራ የኖርኩት የማያስፈራውን ሁሉ ነው» አለች እናት። «አንድ የሚያስፈራ ነገር ቤቴ ቢገባ፣ እሱን ተባብራችሁ ቀማችሁኝ። ምላሴን ላስነካው እኮ ነበር! አሁን ንገሪኝ። ያኔ የጀመርሽውን ጨርሺልኝ። ውሃ ከነካው ምን?»

ልጅቷ ነገረቻት። ብረቱ ውሃን እንዴት እንደሚቀድደው፣ ከውስጡ የሚወጣው ጋዝ እንዴት እንደሚቀጣጠል፣ የሚቀረው ውሃ ዓይን ካገኘ እንዴት እንደሚያጠፋ። ይህን ክፉ ነገር ድፍን ባትሪ ውስጥ አስረው ሰላማዊ ለማድረግ እንደሚታገሉ፣ አንዳንዱ ሙከራ እንደሚሳካ፣ አንዳንዱ እንደሚከሽፍ፣ ሲከሽፍ ምን እንደሚመስል። እናት ጥርሷን ነክሳ እስከ መጨረሻው ሰማች። «ወይኔ» አላለችም። እጇ ብቻ የሕፃኗን ፀጉር ይዳስሳል።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት «ጨው ነው» ማለት «ደብቀሽኛል» ማለት ሆነ። ባል «ሐኪሙ ደህና ነህ አለኝ» ብሎ ሲገባ «ደህና ነው ወይስ ጨው ነው?» ይባላል፤ ይስቃል፤ እውነቱንም ይናገራል። መሥሪያ ቤቱም ልጅቷን ክፉኛ ተቆጥቶ፣ ጋዋን ከግቢው እንዳይወጣ ከለከለ።

ክረምቱ ሲገባ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ልጅቷ ከምትመጣበት ሰዓት አስቀድሞ ስልክ ጮኸ። ውጭ ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል።

«እማዬ፣ ደህና ነኝ» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ ቀጥኗል። ከኋላዋ ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰዎች ይጯጯሃሉ።

እናት ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ደህና ነሽ ነው፣ ወይስ ጨው ነው?»

በወዲያ በኩል ጩኸቱ ብቻ ይሰማል።

«ልንገርሽ» አለች ልጅቷ በመጨረሻ። «ግን መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

እናት ወንበሩን ሳበች። ጉሮሮዋ ላይ የመጣውን «ወይኔ» ዋጠችና ተቀመጠች።

«ተቀምጫለሁ» አለች። «ንገሪኝ።»