ውሃ ልኩ ያልወደደው ቤዝ

የትኬት ቆራጯን ቤዝ ጊታር የገደለው አጎቷ ነው። ያውም በመቀመጫው። "ሶፋው ላይ ትራስ ያለ መስሎኝ ነው" ብሎ እስከ ዛሬ ይምላል፤ አራት ክር ያለው ትራስ የት አይቶ እንደሚያውቅ ሲጠየቅ ግን ወሬ ይቀይራል። ሲቀመጥበት የወጣው ድምፅ ሦስት ቤት አልፎ ያለን ውሻ አስለቅሷል ይባላል። ውሻው ራሱ አልካደም።

አጎቷ ጢማም አናጢ ነው። ሰፈሩ "ውሃ ልክ" ይለዋል፤ ያቺን ውስጧ አረፋ የምትዋኝባትን ቢጫ መለኪያ ከደረት ኪሱ ለይቶ አያውቅማ። ሰው ቤት ሲሄድ ሰላምታውን ሳይጨርስ የበሩን መቃን ይለካል። አንዴ ታሞ ተኝቶ፣ "አልጋዬ ወደ ግራ አዘንብሏል፤ እሱ ሳይስተካከል መርፌ አልወጋም" ብሎ ሐኪሙን ራሱን አልጋ አሸክሞታል። የሠራው ዕቃ ሁሉ ከሥሩ አንድ ምልክት አለው፤ በእርሳስ የተሳለ ጢማም ዓሣ። ለምን ዓሣ፣ ለምንስ ጢም ብሎ የጠየቀው ሰው ግማሽ ቀኑን ስለሚያጣ፣ አሁን አሁን የሚጠይቀው የለም።

ነገሩ በሳቅ ብቻ ቢያልፍ ጥሩ ነበር። ግን ትኬት ቆራጯ ማታ ማታ የምትጫወትበት ባንድ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ሆቴል ውስጥ ሊፈተን ነው፤ ካለፈ በየሳምንቱ እዚያ ይጫወታል። የባንዱ መሪ፣ ቀን ቀን ጎማ የሚጠግነው ሰውዬ፣ ቁርጡን ነገራት።

"እስከ ቅዳሜ ቤዝ ይዘሽ ካልመጣሽ የኪቦርዱ ግራ እጅ ይተካሻል።"

"ግራ እጅ?"

"አዎ፣ ግራ እጅ። አያረፍድም፣ አያኮርፍም፣ አጎትም የለውም።"

ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ቀን አውቶቡስ ላይ ቆማ ትኬት ስትቆርጥ ውላ ማታ ቆማ ተጫውታለች። በሰው እንኳ ሳይሆን በሰው ግራ እጅ መተካት አንጀቷን አሳረረው።

"የሰበርኩትን እኔው መርጬ እተካለሁ" አለ አጎቷ፣ አብሯት ሊዞር ተነሣ።

መጀመሪያ ያዩት ቤዝ ከሩቅ ሲያዩት ሙሽራ ይመስል ነበር። ውሃ ልክ ግን ጭንቅላቱ ከአንገቱ የሚገናኝበት ቦታ ላይ አፍንጫውን ደቅኖ አሸተተ።

"ይሄ የጫማ ቀለም ነው።"

በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ ሲያደርገው በኮላ የተጣበቀ ስንጥቅ ብቅ አለ።

"ፋብሪካው እንደዚህ ነው የሚያወጣው" አለ ሻጩ።

"ፋብሪካው የምንድነው? የጫማ?"

ሁለተኛው ደግሞ፣ ይሄንንም ያወቀው ውሃ ልክ ነው፣ ዝናብ ጠጥቶ የኖረ ነበር። ገላው አብጧል፤ አንገቱ ከገላው ጋር የሚያያዝበት ቦታ አፉን ከፍቷል። ትኬት ቆራጯ ክፍተቱን ለመለካት አንድ ሳንቲም ብትሰድበት ሳንቲሙ ገብቶ ቀረ። ያንን ጊታር የገዛ ሰው ሲጫወት እስከ ዛሬ ያንቃጭልበታል አሉ።

ሁለቴ ልክ መሆን ውሃ ልክን አበላሸው። ዓርብ ከሰዓት፣ ሦስተኛውና የመጨረሻው ቤዝ ያለበት የልብስ ሰፊው ቤት ሲገቡ ደረቱ ከሆዱ ቀድሞ ነበር የገባው።

ልብስ ሰፊው ቤዙን የሚሸጠው መቀስ ያደነዘዘው ጣቱ ክር አልጫን ስላለው ነው። ጊታሩን ትልቁ የመቁረጫ ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አጋደመው። ከጎኑ የነበረች የክር ጥቅል ወደ መስኮቱ በኩል መንከባለል ጀመረች፤ ሰውዬው ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ ከአፋፉ ላይ ቀለባት።

"ልጄ፣ ይሄን ጊታር እንደ ዓይኔ ነው የያዝኩት።"

"መነጽር አድርገዋል እኮ ጋሼ" አለችና ቤዙን አነሣችው። ከገላው በኩል አንድ ዓይኗን ጨፍና በአንገቱ ላይ አነጣጠረች። አልተጣመመም። የወፍራሙን ክር ሁለት ጫፍ በሁለት እጇ ተጫነችና፣ "አጎቴ፣ ከኪሴ ትኬት አውጣልኝና መሐሉ ላይ ከክሩ ሥር ስደዳት" አለችው። ትኬቷ ሳትጨናነቅም ሳትንሳፈፍም ገባች። አንገቱ ውስጥ ያለው ብረት ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። ገላው ጀርባ ላይ የተለጠፈ የአውራ ዶሮ ሥዕል ነበር፤ ስንጥቅ ደብቆ እንደሆነ ብላ ላጠችው። ከሥሩ ሌላ፣ አነስ ያለ አውራ ዶሮ ተለጥፏል። ከእሱ ሥር ግን ደህና እንጨት ነው።

ልቧ ሞቅ አለ። "አጎቴ፣ ይሄ ነው።"

"ቆይ እንጂ!" ውሃ ልክ ቤዙን መልሶ አጋደመና መለኪያውን ከኪሱ መዝዞ አንገቱ ላይ አስቀመጠ። አረፋዋ ሽው ብላ ወደ በሩ በኩል ሄደች። "ጠማማ! አንገቱ አልቆለታል። እንሂድ።"

"ማን ነው ጠማማ?" ልብስ ሰፊው መቀሱን አነሣ። "አንተ ሰውዬ፣ ጊታር ልትገዛ ነው ወይስ ግድግዳ ልትገነባ?"

"ወዳጄ፣ አረፋ ጉቦ አትበላም!"

"እሷ አትበላም። የያዛትስ?"

ትኬት ቆራጯ በዓይነ ሕሊናዋ ያ ግራ እጅ ኪቦርዱ ላይ ጣቶቹን ሲያፍተለትል ታያት። ድንገት ልጅ ሳለች አጎቷ አውደ ሥራው ውስጥ ያስተማራት ትዝ አላት፤ የለካሽውን አዙረሽ ለኪው። ቤዙን ብድግ አድርጋ፣ ጭንቅላቱ የነበረበትን ቦታ ለገላው ሰጠችና መልሳ አጋደመችው። መለኪያውን አስቀመጠች። አረፋዋ አሁንም ወደ በሩ።

"ታዲያ አንገቱ ቢሆን ኖሮ አረፋዋ ወደ መስኮቱ አትዞርም ነበር?"

ውሃ ልክ ጆሮው ቀላ። "ወለሉ ነዋ!" ብሎ ተንበርክኮ ወለሉን ለካ። አረፋዋ መሐል ላይ ተደላድላ ተኛች።

ልብስ ሰፊው መቀሱን አስቀመጠ። መቀሱ ወደ መስኮቱ ተንሸራተተ። ጊዜ ወሰደበት እንጂ ገባው።

"ጠረጴዛው! በሉ በሉ! ሃያ ዓመት ሙሉ ደንበኞቼ የሱሪዬ አንድ እግር ረዘመ ሲሉኝ፣ 'እግርህ ነው እንጂ ሱሪው ልክ ነው' እላቸው ነበር! አንዱማ አምኖኝ ሐኪም ቤት ሄዷል!" ራሱን ያዘ። "ይሄን ጠረጴዛ የሠራውን ሰውዬ አንድ ቀን ባገኘው፣ በዚህ መቀስ ጢሙን ነበር የምሸልትለት!"

ትኬት ቆራጯ ጎንበስ ብላ እግሮቹን አየች። በመስኮቱ በኩል ያሉት ሁለቱ በአንድ ጣት ያህል ያጥራሉ። ከዚያ ቀና ስትል ከጠረጴዛው ሥር፣ ሸረሪት ድር መሐል፣ ጢማም ዓሣ ቁልጭ ብሎ አያት።

"አጎቴ፣ እስቲ ና አንዴ።"

እየተንፏቀቀ ገባ። ዓሣውን አየ። ዓሣውም አየው።

"የመጀመሪያ ሥራዬ ነው" አለ በሹክሹክታ። "ያኔ ውሃ ልክ አልነበረኝም።"

"አንገቱ እንዴት ነው አሁን?"

"የቱ አንገት?"

"የጊታሩ።"

"እንደ ሻማ ቀጥ ያለ! ማን ነው ጠማማ ያለው?"

"ገላውስ?"

"እንዲህ ያለ ገላ አይቼም አላውቅ።" አፉን በእጁ ከለለ። "አትንገሪው እንጂ፣ ጢሜን!"

"ከእንግዲህ ሶፋ ላይ ስትቀመጥ መጀመሪያ ታያለህ?"

"ቆሜ እኖራለሁ!"

ከጠረጴዛው ሥር ሲወጣ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ጊታሩን ሲያሞካሽ ልብስ ሰፊው ራሱ አፈረ። ሒሳቡን ሳይከራከር ከፈለ፤ በዚያ ላይ፣ "ይሄን ጠረጴዛ ደግሞ እኔ አቃናዋለሁ። ለነፍሴ ብዬ ነው" አለ። እዚያው ሁለቱን ረጃጅም እግሮች ሲቆርጥ፣ ዓሣውንም አብሮ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው። ጢሙ ግን ምን ቢፈገፍግ አልለቅ አለ።

ልብስ ሰፊው ዓይኑ እንባ አቀረረ። "እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ አለ? ባዶ እጅህንማ አትሄድም!" ብሎ ትናንት ቆርጦ የጨረሰውን ሱሪ አልብሶ ሰደደው።

ቅዳሜ ከሰዓት ትኬት ቆራጯ የመጀመሪያውን ድምፅ ስትመታ የሆቴሉ ማንኪያዎች በሙሉ አብረው ዘፈኑ። የኪቦርዱ ግራ እጅ ነገሩ ሲገባው ኪስ ገብቶ ተቀመጠ። ሥራ አስኪያጁ ሦስተኛው ዘፈን ሳያልቅ፣ "ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሩ" አለ፤ የባንዱ መሪም ለመጀመሪያ ጊዜ፣ "አጎትሽን ሰላም በይልኝ" አላት።

አጎቷ ግን እዚያው ነበር፣ ከፊት ረድፍ፣ ቆሞ። የሱሪው አንድ እግር ጫማው ላይ ተከምሯል፤ በሌላው በኩል ካልሲው እስከ ላስቲኩ ይታያል። እኩል ለመምሰል አንድ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ነበር።

ልብስ ሰፊው ከጎኑ ሆኖ እያጨበጨበ፣ "እንዴት ነው ሱሪው?" አለው።

ውሃ ልክ ወደ መድረኩ ቀና ሲል የእህቱ ልጅ ዓይኗን አፍጥጣ እያየችው ነው። እጁን ጢሙ ላይ አሳረፈ።

"እግሬ ነው እንጂ" አለ፣ "ሱሪው ልክ ነው።"